ከጥገና የሚተርፍ ማንኛውም ነገር

ማክሰኞ፣ ጥር 27 ቀን
ከሰዓት በኋላ

ለምትናፍቂኝ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ በስልክ እንደምለው ደህና አይደለም፤ የእውነቴን ነው። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል፣ ዓይኔ ያለ መነጽር ክር ከመርፌ አያገናኝም፣ ከዚያ በቀር ሙሉ ሰው ነኝ። ዛሬ ደግሞ ከሌላው ቀን ይልቅ ሙሉ ነኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ «እሺ» እላለሁ። ሃምሳ ጊዜ እሺ ብዬ ስዘጋው ምኑን እሺ እንዳልኩ ራሴም አላውቀውም። በወረቀት ግን አታቋርጪኝም። የጥገና ቤታችን ዶክተር የእህት ልጅ ዓርብ ወደ እናንተ አገር ትበራለች፤ በእጇ ታደርስልሻለች። ከደብዳቤው ጋር አንዲት ትንሽ ነገር አጥፌ አስገብቻለሁ። አሁን አታውጪያት። መጀመሪያ አንብቢ።

ባለፈው እሑድ በላክሽልኝ ድምፅ «እማ፣ በፈጠረሽ፣ ፈርሚላቸውና ይለፍ፤ አንድ ፊርማ ነው እኮ፤ ጋሼን አታስቀይሚብኝ» ብለሽኛል። አራት ጊዜ ሰማሁት። እያለቀስሽ እንደነበር የገባኝ በሦስተኛው ነው። መልሴን አሁኑኑ ልስጥሽ፦ አልፈረምኩም። አልፈርምምም። ከጋሼሽ፣ ከአሠሪዬ አፍ የምትሰሚው ሌላ ስለሚሆን ነገሩን እኔው ከሥሩ ላጫውትሽ።

የጥገና ቤቱን ትተሽው እንደሄድሽ አስቢው። ረጅሙ ጠረጴዛ፣ በላዩ የተንጠለጠሉት መብራቶች፣ ከጀርባ መጋዘኑ፣ ከመጋዘኑ የኋላ በሩ፣ ከበሩ ወዲያ ቦዩ። የተለወጠው ብዛቱ ነው። ድሮ በዓመት ሁለቴ የሚመጣው ኮንቴይነር አሁን በየወሩ ይመጣል። እናንተ አገር ሰው የሰለቸው ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ማተሚያ ታጭቆ ይመጣና እኛ ከሦስቱ አንዱን እናድናለን፤ ሁለቱ ይተርፋል። የዳነው ተወልውሎ መስኮት ላይ ይደረደራል፣ ሰውም ያየዋል። የተረፈው የት እንደሚሄድ ግን የሚጠይቅ የለም። እኔ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነዋ። ዶክተሩ፣ መቼም አትረሺውም፣ የሞተ ስልክ ሁሉ ስለሚያስነሳ ዶክተር ያልነው ሽማግሌው ጠጋኝ፣ በሚቀልጠው የብየዳ ብረት፣ በስታኞ በይዶ በይዶ ሲነሳ ጠረጴዛው ላይ የሚቀረውን የምሰበስበው እኔ ነኝ። እኔን ደግሞ «ሳይለንት» ነው የሚሉኝ። ስልኩ በርቷል ግን አይጮህም ማለታቸው ነው። አልተቀየምኩም፤ ልክ ነበሩ።

ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ቤት መሆኑን ታውቂያለሽ። የመጀመሪያው መጽሐፌ ግድግዳው ላይ ያለው ማስታወቂያ ነው። አንድ ጠጋኝ የመዳብ ሽቦ በካልሲው ይዞ ሲወጣ የተያዘ ጊዜ አሠሪዬ በትልልቅ ፊደል አስጽፎ፣ ማህተም አስመትቶ የሰቀለው ነው። «ከጥገና የሚተርፍ ማንኛውም ነገር የድርጅቱ ባለቤት ንብረት ነው። ይዞ መውጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» በየቀኑ እየጠረግኩ በየቀኑ አየዋለሁ። ዶክተሩ አንድ አንድ ፊደል ይነግረኛል፣ የቀረውን እኔ እገጥማለሁ። «ማንኛውም» የሚለውን ቃል ለብቻዬ ያነበብኩ ቀን መጥረጊያዬን አቅፌ ቆሜ ቀረሁ። አምስት ፊደል ናት፤ እኔ ግን ተራራ የወጣሁ ነበር የመሰለኝ።

ቁጥር ከካርቶን ላይ ነው የተማርኩት። ሰባትን ያገኘኋት አንድ የቴሌቪዥን ካርቶን ላይ ነው። ከሥሯ ነጥብ ነበረባት፤ የቀለም ጠብታ ትሁን የዝንብ ኩስ እንጃ። እኔ የሰባት እግር መስላኝ እንዳለች ያዝኳት። አንቺ ያን ጊዜ ጠረጴዛው ሥር ካርቶን ውስጥ ቁጭ ብለሽ ትጫወቻለሽ፤ ለአንቺም ከነነጥቧ አስተማርኩሽ። አንደኛ ክፍል መምህርሽ በቀይ እየሰረዘች ብትልክሽ «እናቴ ናት ያሳየችኝ» ብለሽ ድርቅ አልሽ። በኋላ ስህተት መሆኗን አወቅን፤ ግን አንቺም አልተውሻት፣ እኔም አልተውኳት። እስከ ዛሬ ሰባት ስጽፍ ነጥብ ካላስቀመጥኩባት የወደቀች ይመስለኛል።

ወደ ተረፈው ነገር ልመለስ። ከአዲስ ዕቃ ጋር የሚመጣ፣ ሰው ሳያነበው የሚጥለው ስስ ወረቀት አለ አይደል? እሱን ስሰበስብ ነው የኖርኩት። ግማሹ የተቀደደ፣ ግማሹ ጫማ የረገጠው። ባትሪ አይበሳም የሚለውን አንዱ ቁራጭ ላይ አገኘሁ፤ ለምን እንደማይበሳ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ቁራጭ ላይ ነው ያገኘሁት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የትኛው ትራፊ ምን እንደሚያደርግ አወቅኩ። አንድ ቀን ያበጠ ባትሪ ይዤ ለአሠሪዬ አሳየሁት።

«ጌታዬ፣ ይህን ሥዕል ይዩት» አልኩት። ጎማ ያለው የቆሻሻ በርሜል ተስሎበታል።

«ይኸው! የቆሻሻ በርሜል ነው። ጣዪኝ እያለሽ ነው» አለኝ።

«በላዩ ተሰርዞበታል እኮ።»

«እሱ ጌጥ ነው።»

ዶክተሩ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ቆርቆሮ ልለምን ወጣሁ። ከቀለም ቀቢዎች ክዳን ያለውን የቀለም ቆርቆሮ እየለመንኩ ሰባት አደረስኩ፤ በየላያቸውም ቁጥር ጻፍኩ። ከመበየጃው ጫፍ የሚራገፈው ግራጫ ፍርፋሪ እርሳስ አለበት፤ እሱ ለብቻው። የማተሚያው ጥቁር ዱቄት ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ በውኃ በራሰ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አልነካውም። ከስክሪን ጀርባ የሚወጡት ቀጫጭን መብራቶች ውስጣቸው ሜርኩሪ አለ፤ እንዳይሰበሩ በጋዜጣ ጠቅልዬ አቆማቸዋለሁ። ሰባተኛው የባትሪ ነው። ባትሪ ሲያብጥ እንደ ትራስ ይሆናል። አትጫኚውም፣ ፀሐይ ላይ አትተዪውም። ጫፍ ጫፉን በፕላስተር አሽጌ ደረቅ አሸዋ ውስጥ አስተኛዋለሁ። አዎ፣ አስተኛዋለሁ ነው የሚባለው፤ ከነቃ አይያዝማ።

ከወር በፊት ጥርሴን ታምሜ ሁለት ቀን ቀረሁ። በዚያ ሁለት ቀን አሠሪዬ «መጋዘኑ ጠበበ» ብሎ ሰባተኛውን ቆርቆሮ ቦዩ ውስጥ አስገለበጠው። ቦዩ ልብስ አጣቢዋ ጎረቤታችን ልብስ በምታሰጣበት ሥር ነው የሚያልፈው፤ ከእሷ ዝቅ ብሎ ሰፈሩ ውኃ የሚቀዳበት ጉድጓድ አለ። ባትሪዎቹ ድንጋይ ላይ ተፈጠፈጡ፣ አንዱ ተበሳ። መጀመሪያ አፏጨ አለችኝ፣ ቀጥሎ ነጭ ጭስ፣ ቀጥሎ እሳት። የሰው አንሶላ እንዳይቃጠልባት ብላ ሮጠች፤ ሌላው ከእግሯ ሥር ፈነዳ። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተላጠ።

ልጠይቃት ስሄድ እግሯን ትራስ ላይ ዘርግታ፣ «ቆሻሻ ይሸታል እንጂ ይናከሳል ሲባል ሰምቼ አላውቅም» አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ እጄን ይዛ፣ «አንቺ ብትኖሪ አይደፉትም ነበር አይደል?» አለች። ብኖርስ? ዝም ብዬ አይ ነበር ይሆን? ይህን ጥያቄ ቤቴ ይዤው ገባሁ፤ እስከ ዛሬ ጠዋትም አልለቀቀኝም። የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ልብስሽን በነጻ ያጠበችልሽ ሴት ናት፤ አንቺም አትረሻትም።

ሰው ሲቃጠል ጊዜ ከመንግሥት አንዲት ተቆጣጣሪ መጣች። ማን እንዳስደፋው፣ መጋዘን ውስጥስ ምን እንደቀረ ጠይቃ፣ ማክሰኞ ተመልሳ እንደምትመጣ ነግራ ሄደች። ያለፈው ሐሙስ አሠሪዬ ቢሮው አስጠራኝ።

«ቁጭ በይ እስቲ፣ እናት ዓለም» አለኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ እዚያ ክፍል ውስጥ ወንበር ሲቀርብልኝ የመጀመሪያዬ ነው። ወንበር ከቀረበ ነገር አለ አልኩ በልቤ።

«ሹመት አለሽ። ከዛሬ ጀምሮ የተረፈ ንብረት ኃላፊ ነሽ» አለና አንድ ወረቀት፣ ከወረቀቱ ጋር ደግሞ የቀለም መርገጫ ገፋልኝ። «እዚህ ጋ አውራ ጣትሽን።»

ጣቴን! ወረቀቱን አነሳሁትና ቀስ ብዬ አነበብኩት። እያየሁ ያለሁት ማህተሙን መስሎት ዝም አለኝ። እንዲህ ይላል፦ «እኔ የተረፈ ንብረት ኃላፊ፣ ያለ ባለቤቱ ዕውቀት ባትሪዎቹን ወደ ቦዩ መጣሌን አምናለሁ። በመጋዘኑ የቀረ ምንም አደገኛ ነገር አለመኖሩንም አረጋግጣለሁ።»

«ስድስቱ ቆርቆሮዎችስ? ሰባተኛውም እኮ እንደገና መሙላት ጀምሯል» አልኩት።

«ማክሰኞ ጠዋት ሴትዮዋ ሳትደርስ በኋላ በር ታወጫቸዋለሽ። ያን ጊዜ የተጻፈው እውነት ይሆናል» አለኝ። ቃል በቃል ነው የምነግርሽ፤ ዓይኑን እንኳ አላሸም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጅሽ የምትሠራበት መጋዘን የማን እንደሆነ መቼም አትረሽውም። የወንድሜ ነው። ለእሷ ስትይ» አለ።

«ላስብበት» ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ጡቴ ሥር ከተትኩት። እንግዲህ ለአንቺ የደወለልሽ ከዚያ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ደግሞ አንድ ነገር ሆነ። እሱን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ፤ አልሸሽግሽም።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። የኋላው በር ተከፍቷል፣ ጋሪው ተዘጋጅቷል። ጠጋኞቹ ሁሉ ጠረጴዛቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ የሚሠራ ግን አልነበረም፣ አንድም መበየጃ አልጋለም።

«ቶሎ በይ፣ አውጫቸው» አለ አሠሪዬ።

ሄጄ የኋላውን በር ዘጋሁትና ጀርባዬን ሰጠሁት። «አላወጣም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«ምን አልሽ?»

«ክልክል ነው። እዚያ ተጽፏል።» ግድግዳውን በጣቴ አሳየሁትና ከፍ አድርጌ አነበብኩለት፣ ከመጀመሪያው እስከ ማህተሙ።

አፉን ከፍቶ አየኝ። «አንቺ ደግሞ ማንበብ ከመቼ ወዲህ ነው የቻልሽው?»

«እርስዎ ይህን ከሰቀሉ ወዲህ።»

ዶክተሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ኧረ ጉድ በሉ! ሳይለንቷ ጠራች!»

«እሱ ለመዳብ ነው! ለኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው የተጻፈው!» አለ አሠሪዬ።

«መዳብ አይልም። ቦርድም አይልም። ማንኛውም ነው የሚለው። ባትሪውም የተረፈ ነው፣ የእርሳስ ፍርፋሪውም የተረፈ ነው፤ የእርስዎ ንብረት ነው። በአስራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ብሎን ይዤ አልወጣሁም። ዛሬ በስተርጅና ሌብነት ልጀምር?»

«አንድ ሰው ይህችን ሴትዮ ዝም ያሰኝልኝ!» ብሎ ጮኸ።

«በየት በኩል?» አለ ዶክተሩ። «ጠርታ ስለማታውቅ መዝጊያ ቁልፏ የት እንደሆነ ማን ያውቃል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጄ፣ ሰው በእኔ ሲስቅ ኖሬያለሁ፤ ከእኔ ጋር ሲስቅ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ከበሩ አልተነቃነቅኩም።

አሠሪዬ በንዴት ሄዶ ማስታወቂያውን ከግድግዳው ገነጠለው። ታዲያ ያን ወረቀት በእጁ እንዳንጠለጠለ ተቆጣጣሪዋ በፊት ለፊት በር ገባች። ቀጭን ሴት ናት፤ ጫማዋ አቧራ የለበሰ፣ ቦርሳዋ ከእሷ የሚከብድ።

«ምንድነው የያዙት?» አለችው።

«ምንም። አሮጌ ወረቀት ነው።»

እጇን ዘረጋች። ሰጣት፤ ምን ያደርጋል። ቆማ አነበበችው። «ማህተሙ የድርጅትዎ ነው?»

«ነው፤ ግን ይሄ ለ…»

«ጥሩ። እንግዲያው የተረፈውን ነገር ባለቤት አገኘን» አለች።

ያን ጊዜ ነው የራሱን ወረቀት ከጡቴ ሥር አውጥቼ የሰጠኋት። ፊርማም ጣትም የሌለበት። አነበበችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደገና አነበበችው። አሠሪዬ መሬት መሬት ያይ ነበር። ከዚያ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ አሳየኋት፤ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያደርግ፣ ለምን እንዲያ እንዳስቀመጥኩት። የሜርኩሪ መብራቶቹን ስታይ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች፤ አዋቂ መሆኗን ያወቅኩት በዚያ ነው።

«የት ተማሩት፣ እናቴ?»

«ከወደቀ ወረቀት ነው።»

ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ለምን እንደጻፈችው እንጃ፤ ግን ጻፈችው። መጋዘኑን አሸገችና አሠሪዬን፣ ፈቃድ ያለው ተረካቢ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ አንድ ቆርቆሮ ከዚህ ቢጠፋ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት አለችው። በየቀኑ የሚያውቅ ሰው እየገባ ማየትም አለበት አለች፤ አሸዋው እርጥበት እንዳይገባው፣ ያበጠው እንዳይብስበት።

«የሚያውቀው ማነው?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እሷ ከነገ ጀምሮ እዚህ አትሠራም» አለ አሠሪዬ።

«እንግዲያው ሌላ የሚያውቅ ያምጡ።»

ከየት ያመጣል? ስወጣ በር ላይ ጠብቆ በጥርሱ መካከል፣ «ነገ ዓይንሽን እንዳላየው» አለኝ። «ነገም ከነገ ወዲያም ያዩታል፤ ንብረትዎን ልጠብቅልዎት ነው የምመጣው» አልኩት። እሄዳለሁም። ቢከፍለኝም ባይከፍለኝም፣ ቢያስገባኝም ባያስገባኝም በሩ ላይ ቁጭ እላለሁ። ቁስለኛዋ ጎረቤታችን፣ «ወንበር እኔ አውስሻለሁ፤ እኔማ እንዲህ ሆኜ መች ቁጭ እልበታለሁ» ብላኛለች።

እዚህ ላይ ቢያልቅ የጀግና ታሪክ ነበር። አላለቀም።

ተቆጣጣሪዋ መጋዘኑን ከማሸጓ በፊት ጥግ ላይ የተደረደሩ አምስት ካርቶኖች አየች። ቅዳሜ የመጡ ናቸው፤ ስድስተኛውን እኔና ዶክተሩ ቅዳሜውን ከፍተነዋል። ላፕቶፕ ነው። ሃያ ሰባቱም የሞቱ፣ ከሃያ ሰባቱ አስራ ዘጠኙ ባትሪያቸው አብጦ ክዳናቸውን የገፋው። ሰባተኛው ቆርቆሮ እንደገና የሞላው በእነሱ ነው። ዶክተሩ አንዱን ገልብጦ፣ «ይሄ መርከብ ላይ አይደለም የሞተው፤ ሬሳውን ነው የጫኑት። ይህን የፈተሸ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የፈተሸው» አለ። እኔ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አይ ነበር። በእናንተ አገር ፊደል ሁለት ቃል አለበት፤ ከብዙ ካርቶን ላይ ስላየኋቸው አውቃቸዋለሁ። ተፈትሿል። ይሠራል። ከጎናቸው በእጅ የተጻፈ ቁጥር። ሃያ ሰባት።

ከሰባቷ ሥር ነጥብ አለች።

ለዶክተሩ ምንም አላልኩም። «ልጄ እዚያ ፈታሽ ናት» እያልኩ ስንት ጊዜ ኮርቼበታለሁ። ወረቀቱን እንዳይቀደድ በእንፋሎት አርሼ ላጥኩት። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለችው እሷ ናት። አሁን አውጥተሽ እያት።

ዛሬ ተቆጣጣሪዋ በአምስቱ ካርቶኖች ላይ ያለውን ያንኑ የእጅ ጽሑፍ አነበበችና፣ «ለመሆኑ ይሠራል እያለ የሚልከው ማነው?» አለች። አሠሪዬ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እነሱ ናቸው» አለ። እኔን አየችኝ፤ ሁሉን የማውቅ መስያታለሁ። ጠዋቱን ሙሉ የተናገርኩት ሴት እዚያ ላይ ዝም አልኩ። ወደ ቀድሞው ሳይለንቴ ተመለስኩ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለዚያ ዝምታ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ ካርቶኖቹን እንደምትከፍት ነግራናለች። ስለ ጽሑፉም እንደገና ትጠይቃለች። ያንቺን ሰባት በዚህ ምድር ላይ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ብል ማንም አይነግራትም፤ ዕድሜ ልኬን ዝም ብዬ ልኑር ብልም እችልበታለሁ፣ ሙያዬ ነበር። ግን የጎረቤታችን ቁስል ሲታጠብ አይቻለሁ፣ ልጄ። ፋሻው ሲነሳ ያለው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። የእሷን እግር ያቃጠለው ባትሪም በአንድ ካርቶን ተሞልቶ፣ አንድ እጅ ይሠራል ብሎ ጽፎበት ነው የመጣው። የማን እጅ እንደሆነ አልጠይቅሽም። የዚያ ካርቶን ወረቀት የለኝም፤ ባይኖረኝም ደስ ይለኛል።

አንቺን ልወቅስ አይደለም የተነሳሁት። በቀን ስንት ካርቶን እንደሚያልፍብሽ አላውቅም። አለቃሽ «ጻፊ» ሲልሽ ወንበር አቅርቦልሽ ይሁን ቆመሽ አላውቅም። የእኔን ስም እያነሳ «ለእናትሽ ስትይ» ብሎሽም ይሆናል፤ ለእኔ ወንድሙ «ለእሷ ስትይ» እንዳለኝ። እንዲህ ነው እኛን የሚያስሩን፤ አንቺን በእኔ፣ እኔን በአንቺ። እኔ በበኩሌ ገመዱን ዛሬ ፈትቻለሁ። አንቺም ፍችው። ለእኔ ብለሽ የምትጽፊው ከሆነ እንግዲህ ለእኔ ብለሽ ተዪው።

ሴትዮዋ ከመመለሷ በፊት አንቺው ራስሽ ንገሪያት። የጻፈችልኝ አድራሻዋ ከዚህ ገጽ ጀርባ አለ። ያልፈተሽሽውን ጻፊ ብለው እንዳስጻፉሽ ንገሪያት። ያባርሩሻል፤ ያባርሩሽ። አልጋሽ እንዳለ ነው፤ ፍራሹን ባለፈው ወር ፀሐይ አስመትቼዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ። እጅሽ ሙያ አለው፤ ዶክተሩ ዓይኑ እየደከመ ነው፣ ከአጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። የማትነግሪያት ከሆነ ግን እወቂው፤ ሁለተኛ ስትጠይቀኝ እመልስላታለሁ። አንዴ ዝም ብያለሁ። ሁለቴ አይሆንልኝም።

ሰባትን ከነነጥቧ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ያ ስህተት የእኔ ነው፤ እወስደዋለሁ፣ እንዲያውም እወደዋለሁ። ከጎኗ ያለውን ቃል ግን እኔ አላስተማርኩሽም።

ብርዱ እንዳይጎዳሽ፤ ሳትበዪ አትዋዪ። የሄድሽበት መንገድ በሰላም ይመልስሽ። የምትይዢውን የማያቃጥልሽ፣ የምትጽፊውን የማያሳፍርሽ ያድርግልሽ። ጨለማ ቢገጥምሽ እኔ በሩ ላይ እንዳለሁ አትርሺ፤ ቁጭ ብዬም ቢሆን አለሁ።

እዚህ ወረቀት ላይ ጣቴን አላሳረፍኩም። በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ።

እናትሽ